የ«ዋችሜን» ፊልም የመንገድ ጥጉን ሰዎች የት አደረሳቸው?

ገና ሳልጀምር ላስጠንቅቅ፤ የመጽሐፉንም የፊልሙንም መጨረሻ እናገራለሁ። ስለዚህ ፊልም መጨረሻውን ሳይነኩ መጻፍ አይቻልም። አድናቂው ፊልሙ ከመውጣቱ በፊትም ከወጣ በኋላም አጥብቆ የተከራከረው በእሱ ላይ ነው። መጽሐፉን ያላነበባችሁ ካላችሁ ይህን ጽሑፍ አቆዩትና መጀመሪያ እሱን አንብቡ። ከልቤ ነው የምለው።

የምጽፈው ዳይሬክተሩ ዛክ ስናይደር ከኮሚክ መጽሐፍ (በሥዕል ከሚነገር ታሪክ) ስለ ሠራው ፊልም፣ ስለ «ዋችሜን» ነው። ሲኒማ ቤት የገባው ማርች 6 ቀን 2009 ነው (ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጆቹ አቆጣጠር ነው የምጠቅሰው)። ያኔ የታየው ቅጂ 162 ደቂቃ ነበር። በዚያው ዓመት ሁለት ረዘም ያሉ ቅጂዎች በዲስክ ወጡ። አንዱ የዳይሬክተሩ ቅጂ የሚባለው፣ 186 ደቂቃ። ሌላው «አልቲሜት ከት»፣ 215 ደቂቃ። ሰሞኑን ረጅሙን እንደገና አየሁት። ሦስት ሰዓት ከ35 ደቂቃ ነው። ስጨርስ ያው የድሮው ስሜት መጣብኝ፤ ግማሹ ደስታ፣ ግማሹ ቁጭት። ቁጭቱ ከየት እንደሚመጣ ነው ልነግራችሁ የፈለግኩት።

መጽሐፉን ለማታውቁት ባጭሩ ላስተዋውቃችሁ። ጸሐፊው እንግሊዛዊው አለን ሙር ነው። ሠዓሊው ዴቭ ጊበንስ፣ ቀለሙን የሠራው ጆን ሂጊንስ። ዲሲ ኮሚክስ ከ1986 እስከ 1987 በ12 ክፍል አወጣው፤ ከዚያ በአንድ ጥራዝ ተጠርዞ እስከ ዛሬ ይሸጣል። ታሪኩ የሚካሄደው በ1985 ኒው ዮርክ ውስጥ ነው፤ ግን ዓለም የሚያውቀው 1985 አይደለም። ኒክሰን አሁንም ፕሬዚዳንት ነው። አሜሪካ ቬትናምን አሸንፋለች። ያሸነፈችውም ዶክተር ማንሃተን በሚባል ሰማያዊ ሰው ነው። በ1959 በቤተ ሙከራ አደጋ ተበታትኖ፣ በኋላ ራሱን መልሶ የገጣጠመ የፊዚክስ ሊቅ ነው። ጭምብል አጥልቆ ወንጀለኛ ማሳደድ በ1977 በሕግ ተከልክሏል። የቀድሞዎቹ ጀግኖች አርጅተዋል፣ ወፍረዋል፣ ቤታቸው ተቀምጠዋል። ኮሜዲያን የሚባለው አንደኛቸው ከፎቅ ላይ ተወርውሮ ይሞታል። ሕጉን አልቀበልም ብሎ የቀረው ሮርሻክ ገዳዩን ፍለጋ ይወጣል። በዚህ ሁሉ መሀል አሜሪካና ሶቪየት ኅብረት ወደ ኑክሌር ጦርነት እየተንደረደሩ ነው።

አብዛኛው ገጽ በዘጠኝ እኩል ሣጥን የተከፈለ ነው። ሦስት በሦስት። ይህ አሠራር እንደ ሰዓት ምት ነው፤ ገጹን በገለጣችሁ ቁጥር ያንኑ ምት ትሰማላችሁ። አምስተኛው ክፍል ደግሞ የገጾቹ አቀማመጥ ከመሀል ወደ ሁለቱ ጫፎች እንደ መስታወት ይመሳሰላል፤ የመጀመሪያው ገጽ ከመጨረሻው፣ ሁለተኛው ከመጨረሻው በፊት ካለው ጋር። ብዙ ሰው ይህን ሳያስተውል ያነበዋል። ስታስተውሉት ግን ቁጭ ብላችሁ ከመጀመሪያው ትጀምሩታላችሁ።

እኔ መጽሐፉን የወደድኩት በአንድ የመንገድ ጥግ ምክንያት ነው። በርናርድ የሚባል ጋዜጣ ሻጭ አለ። ቀኑን ሙሉ ያወራል። ለገዢውም፣ ለአላፊ አግዳሚውም፣ ማንም ባይኖር ለራሱም። ጦርነቱ መጣ ይላል፣ ሩሲያን አሁኑኑ መምታት ነው ይላል፣ ደግሞ ይፈራል። እግሩ ሥር አንድ ጥቁር ልጅ መሬት ላይ ተቀምጦ የባሕር ወንበዴ ኮሚክ ያነባል፤ ሳይከፍል። በዚያ ጥግ የሚያልፉ ሌሎችም አሉ። የታክሲ ሾፌሯ ጆይ አለች፣ ከፍቅረኛዋ ጋር ተጣልታለች። ሮርሻክን እስር ቤት የሚመረምረው የአእምሮ ሐኪም ማልኮም ሎንግ አለ፣ ትዳሩ እየፈረሰ ነው። ሁለት መርማሪ ፖሊሶች አሉ። ወንድማማቾች አሉ፤ አንዱ ታክሲ ድርጅት፣ ሌላው ቁልፍ ሥራ። ማንም ዓለምን አያድንም። መጽሐፉ ግን ለአሥራ አንድ ክፍል እየተመላለሰ እነሱን ያሳየናል።

ያን ጊዜ ዋሽንግተን ዲሲ ፓርኪንግ እሠራ ነበር፤ የማታ ፈረቃ። መጽሐፉን ያነበብኩት ቡዝ ውስጥ ነው። ፓርኪንግ የሠራ ሐበሻ የምለው ይገባዋል። የመስታወቱ ሣጥን ውስጥ ተቀምጠህ የማታውቀው ሰው ሁሉ ያወራሃል። አንዱ ስለ ምርጫው፣ አንዱ ስለ ኢራቅ፣ አንዱ ስለ ሚስቱ። ቲኬቱን ሰጥቶ ይሄዳል፤ ነገ ተመልሶ ካቆመበት ይቀጥላል። አብሮኝ የሚሠራ ትልቅ ሰው ነበር፣ ጋሼ ነው የምለው። በፈረቃ ቅያሪ ላይ መጽሐፉን አንስቶ ገለጠና የጋዜጣ ሻጩን ገጽ አየ። ሥዕሉን ብቻ አይቶ «ይሄ ሰውዬ እንደኛ ነው፤ ሁሉንም ያያል፣ የሚያየው የለም» አለኝ። እንግሊዝኛው አይመቸውም ነበር። ሥዕሉ ግን ይህን ያህል ነገረው። ጊበንስ ምን ዓይነት ሠዓሊ እንደሆነ ከዚህ የበለጠ ማስረጃ አላውቅም።

እንግዲህ አድናቂው ከፊልሙ ምን ጠበቀ? ይህን ለማወቅ የጥበቃውን ርዝመት ማወቅ ያስፈልጋል። ፊልም ይሆናል መባል የጀመረው መጽሐፉ ገና ትኩስ ሳለ ነው። ሎረንስ ጎርደንና ጆኤል ሲልቨር የሚባሉ ፕሮዲውሰሮች ያዙት፤ ሳም ሃም ስክሪፕት ጻፈ። ዳይሬክተሩ ቴሪ ጊሊያም ሊሠራው ሞከረና ይህን ታሪክ ወደ ሁለት ሰዓት ተኩል ማሳጠር ምንነቱን ማጥፋት ነው ብሎ ተወው። በኋላ ዳረን አሮኖፍስኪ መጣ፣ ከእሱ በኋላ ፖል ግሪንግራስ። ሁሉም ጀምረው ቀሩ። ሃያ ዓመት ሙሉ «መጣ፣ መጣ» ሲባል የኖረ ፊልም ነው።

ስናይደር በ2006 ሲረከበው አድናቂው ሁለት ሆነ። አንደኛው ወገን ተደሰተ፤ ሰውዬው ኮሚክን ሣጥን በሣጥን ወደ ፊልም የሚገለብጥ ነው፣ አያበላሸውም አለ። ሌላው ወገን ደግሞ በዚሁ ምክንያት ፈራ። ከእሱ በፊት የነበረ ስክሪፕት ታሪኩን ወደ ዘመናችን አምጥቶ ከሽብርተኝነት ጦርነት ጋር አገናኝቶት ነበር። ስናይደር ወደ 1985፣ ወደ ኒክሰንና ወደ ቀዝቃዛው ጦርነት መለሰው። ለዚህ ውሳኔው እስከ ዛሬ አመሰግነዋለሁ።

በጁላይ 2008 ትሬለሩ ወጣ፣ የ«ባትማን» ፊልም ከመጀመሩ በፊት ነበር የሚታየው። ያን ሰሞን ዲሲ ውስጥ የኮሚክ መደብር የገባ ሰው ሌላ ወሬ አይሰማም ነበር። አዲስ ኮሚክ የሚወጣው ረቡዕ ረቡዕ ነው፤ እኔም ከሥራ በፊት ጎራ እል ነበር። ሰዎች ትሬለሩን ሣጥን እያቆሙ ከመጽሐፉ ጋር ያስተያያሉ። «ይሄ ምዕራፍ አንድ ገጽ ሁለት ነው፤ ይሄ ማርስ ላይ ያለው ነው።» አንዱ ጊበንስ የሣለውን ናይት አውል የሚባለውን ጀግና ልብስ ከፊልሙ ጎማ መሳይ ልብስ ጋር አስተያይቶ ተናደደ። ሌላው መጨረሻው ተቀይሯል የሚል ወሬ ሰምቶ ነበርና ትኬት አልገዛም አለ። መጽሐፉም ከሃያ ዓመት በኋላ እንደ አዲስ በገፍ ተሸጠ።

ከዚያ ደግሞ ፍርድ ቤት። ፎክስ የሚባለው ስቱዲዮ መብቱ የኔ ነው ብሎ ፊልሙን የሚሠራውን ዋርነር ብራዘርስን በፌብሩዋሪ 2008 ከሰሰ። ዳኛው በገና ዋዜማ ለፎክስ ፈረዱ። ለጥቂት ሳምንታት ፊልሙ በቀኑ ላይወጣ ይችላል ተባለ። ሃያ ዓመት ጠብቆ በመጨረሻዋ ሰዓት እንዲህ ሲሆን የአድናቂው ልብ ምን እንደሆነ መገመት ነው። በጃንዋሪ ተስማሙ።

የመጀመሪያው ማታ ዋሽንግተን አጠገብ ባለችው ሲልቨር ስፕሪንግ አየሁት። አዳራሹ ሞልቷል። ገና መግቢያው ላይ፣ ስሞቹ በሚወርዱባት ወደ ስድስት ደቂቃ በሚሆን ጊዜ፣ ከጎኔ ያለው ሰው ወንበሩን ጨብጦ ሲንቀጠቀጥ ትዝ ይለኛል። በቦብ ዲላን ዘፈን ታጅቦ የጀግኖቹ የአሥርት ዓመታት ታሪክ በተንቀሳቃሽ ፎቶግራፍ ያልፋል። ከ1940ዎቹ ኩራት ጀምሮ፣ በኬኔዲ ግድያ፣ በጨረቃ ጉዞ፣ እስከ ኒክሰን ሦስተኛ ምርጫ። ይህ ክፍል መጽሐፉ ውስጥ እንዲህ ሆኖ የለም። ስናይደር የመጽሐፉን መንፈስ ተረድቶ በፊልም ቋንቋ የራሱን ነገር የሠራበት ነው። በእኔ ግምት ከፊልሙ ሁሉ የሚበልጠው ይህ ነው። ለዚህ ብቻ ዲስኩ ቤት ቢቀመጥ አይቆጭም።

ጃኪ ኧርል ሄሊ ሮርሻክን ሆኖ የሠራውንም ማንም አይነካብኝም። ግማሹን ጊዜ ፊቱ በጨርቅ ተሸፍኖ በድምፅ ብቻ ይሠራል። ጭምብሉ ሲገፈፍና ያ ትንሽ፣ ቀይ ፀጉር፣ ጠቃጠቆ የሞላው ፊት ሲወጣ፣ የጊበንስ ሥዕል ተነስቶ የቆመ ነው የሚመስለው። ቢሊ ክሩደፕም ዶክተር ማንሃተንን ድምፁን ከፍ ሳያደርግ ይጫወተዋል። ሰውዬው ያለፈውንም የሚመጣውንም ጊዜ በአንድ ላይ ስለሚያይ አይደነቅም፣ አይቸኩልም። ማርስ ላይ ሆኖ ሕይወቱን የሚያስታውስበት ክፍል፣ በፊሊፕ ግላስ ሙዚቃ፣ ከመጽሐፉ አራተኛ ምዕራፍ ጋር ትከሻ ለትከሻ ይቆማል። ዳንን፣ ማለትም ሁለተኛውን ናይት አውል፣ የሚጫወተው ፓትሪክ ዊልሰንም ደስ ይለኛል። ሆዱ ወጣ ያለ፣ መነጽር ያደረገ፣ ልብሱን ምድር ቤት የሰቀለ ሰው ነው፤ ናፍቆቱ ፊቱ ላይ አለ።

ደካማው አድሪያን ቫይት ነው፤ ኦዚማንዲያስ የሚባለው የቀድሞ ጀግና። መጽሐፉ ውስጥ ሁሉም የሚወደው፣ ፀሐይ የመሰለ ሰው ነው፤ ገዳዩ እሱ ነው ብለህ አትጠረጥርም። ፊልሙ ላይ ማቲው ጉድ ከመጀመሪያው ቀዝቃዛና ሚስጥረኛ ሆኖ ይገባል። ፖስተሩን አይቶ የሚያውቅ ሰው ሁሉ ወንጀለኛውን ያውቀዋል። የዳንና የሎሪ (እሷም የቀድሞ ጀግና ናት) የፍቅር ትዕይንት ላይ ደግሞ አዳራሹ ሳቀ። ዘፈኑም አልገጠመ፣ ርዝመቱም በዛ።

አሁን ወደ ቁጭቱ ልምጣ።

ስናይደር ሥዕሎቹን ወስዷቸዋል። ኮሜዲያኑ በመስኮት ሲወድቅ፣ ደም የነካው ቢጫ የፈገግታ ባጅ፣ በዝናብ የሚደረገው ቀብር፣ አርቺ የምትባለው የጉጉት ቅርጽ ያላት መንኮራኩር ከውኃ ስትወጣ፣ ሁሉም አለ። አድናቂው ሃያ ዓመት የለመነው ይህን ነበርና ተሰጠው። ግን ተመልከቱ፤ መጽሐፉ በጣም በጥንቃቄ የሚይዘውን አንድ ነገር ፊልሙ ገልብጦታል። እሱም ዓመፅ ነው።

ዳንና ሎሪ ጠባብ መንገድ ላይ ከወሮበሎች ጋር ይጣላሉ። መጽሐፉ ውስጥ ሁለት መሀከለኛ ዕድሜ ላይ ያሉ ሰዎች ናቸው፤ ትንፋሽ ያጥራቸዋል፣ ያልባቸዋል። ፊልሙ ላይ አጥንት ቆዳ በስቶ ይወጣል፤ ያውም በዝግታ እንድናየው ተደርጎ። እስር ቤት ውስጥ መጽሐፉ ላይ ጉሮሮው የሚቆረጠው ሰው ፊልሙ ላይ ሁለት እጁ በመጋዝ ይቆረጣል። አንዲት ትንሽ ልጅ የገደለውን ሰው ሮርሻክ መጽሐፉ ውስጥ በካቴና አስሮ፣ መጋዝ ሰጥቶ፣ ቤቱን ለኩሶ ይወጣል። ከዚያ ውጭ ቆሞ እሳቱን ያያል። ያ ቀዝቃዛ ቁም ነገር ነው ደም የሚያደርቀው። ፊልሙ ላይ በቢላዋ ጭንቅላቱን ደጋግሞ ይመታዋል። ደሙ በዛ፣ ፍርሃቱ ግን ቀነሰ።

ከዚያ መጨረሻው ይመጣል። መጽሐፉ ውስጥ ቫይት ዓለምን ከኑክሌር ጦርነት ለማዳን ብሎ ኒው ዮርክ መሀል አንድ ግዙፍ፣ ስኩዊድ (ብዙ ክንድ ያለው የባሕር እንስሳ) የመሰለ ፍጥረት ያስወነጭፋል። ሰው ሁሉ ከሌላ ዓለም የመጣ ጠላት ይመስለዋል። በሚሊዮን የሚቆጠር ሕዝብ ያልቃል። አሥራ ሁለተኛው ምዕራፍ ሲከፈት ያ የዘጠኝ ሣጥን ምት ይቆማል። ስድስት ሙሉ ገጽ፣ ያለ ቃል ንግግር፣ ሬሳ ብቻ። ጥጉ ነው። የምናውቃቸው ሰዎች ናቸው። የምናውቀው የጋዜጣ መሸጫ ነው። በርናርድና ልጁ ከመሞታቸው ትንሽ ቀደም ብለው ስማቸውን ተጠያይቀው ነበር፤ ሁለቱም በርናርድ ናቸው። ብርሃኑ ሲመጣ ሽማግሌው ልጁን አቅፎ ሊጋርደው ይሞክራል። ማልኮም ሎንግ ሚስቱ «ከሄድክ አልመለስም» እያለችው የማያውቃቸውን ሁለት ሴቶች ለመገላገል ሮጦ ነበር። እዚያው ቀረ።

ቡዝ ውስጥ ሆኜ ይህን ሳነብ አንጀቴን በላው። መጽሐፉን ዘግቼ መንገዱን ነበር የማየው።

ፊልሙ ስኩዊዱን አውጥቶ ፍንዳታ አደረገው። ቫይት የዶክተር ማንሃተንን ኃይል የሚመስል ፍንዳታ በኒው ዮርክና በሌሎች ትልልቅ ከተሞች ያስነሳል፤ ጥፋቱ በማንሃተን ላይ ይላከካል፤ አገሮች እሱን ፈርተው ይታረቃሉ። አድናቂው ስኩዊዱ የት አለ ብሎ ጮኸ። ይህ ክርክር እስከ ዛሬ አልቆመም። እኔ በዚህ ከብዙዎቹ ጋር አልስማማም። የፊልሙ መፍትሔ ብልህ ነው። ከታሪኩ ውስጥ ያለ ሰው ነው የተጠቀመው፣ ከየት መጣ የሚባል ፍጥረት ማስረዳትም አያስፈልገውም። የምጠይቀው አንድ ነገር ብቻ አለ። ማንሃተን የአሜሪካ መሣሪያ ሆኖ የኖረ ነው። ሞስኮ በእሱ ስትመታ ሶቪየቶች አሜሪካን ለምን ይቅር ይላሉ? ይህን ፊልሙ ቶሎ ብሎ ያልፈዋል።

የከፋው ግን ፍንዳታው ንጹሕ መሆኑ ነው። ሰማያዊ ብርሃን፣ የሚፈርስ ሕንፃ፣ ትልቅ ጉድጓድ። ጋዜጣ ሻጩና ልጁ ለአንድ አፍታ ሲተቃቀፉ ይታያሉ፤ መጽሐፉን ያላነበበ ግን ማን እንደሆኑ አያውቅም። ሲኒማ ቤት አብሮኝ የነበረ ጓደኛዬ መጽሐፉን አላነበበም ነበር። ስንወጣ «ሽማግሌው አባቱ ነው?» ብሎ ጠየቀኝ። ምን ልበለው? አንድ ወሮበላ ክንዱ ሲሰበር በዝግታ ያሳየን ፊልም፣ ሚሊዮን ሰው ሲያልቅ አንድ ሬሳ እንኳ በቅጡ አላሳየንም። ቫይት ትክክል ነው ወይስ አይደለም የሚለው የመጽሐፉ ትልቅ ጥያቄ የሚመዘነው በእነዚያ ስድስት ገጾች ነው። ሰዎቹ ከሌሉ ሚዛኑ ላይ የሚቀመጥ ነገር የለም። ሮርሻክ የቫይትን ምስጢር «አልደብቅም» ብሎ ለምን እንደሚሞት እንኳ በግማሽ ልብ ነው የሚገባን።

እኛ አድናቂዎች ስንጠብቅ የጠበቅነው ልብሱን፣ ሣጥኑን፣ ስኩዊዱን ነበር። በዚያ ሁሉ የረቡዕ ክርክር መሀል አንድ ሰው እንኳ «ጋዜጣ ሻጩን አትቁረጡት» ሲል አልሰማሁም። ስቱዲዮውም አድናቂው በሚጮህበት ነገር ላይ ተጠነቀቀ፣ ዝም ባለበት ላይ ቆረጠ።

በጣም የሚያንገበግበኝ ደግሞ ጥጉን ሠርተውት ነበር። ካናዳ፣ ቫንኩቨር ውስጥ የኒው ዮርክን መንገድ አቁመዋል። ጋዜጣ መሸጫው ተሠርቷል። የበርናርድና የልጁ ትዕይንቶች ተቀርጸዋል። ሲኒማ ቤት ከገባው ቅጂ ግን ወጡ።

ስለዚህ «አልቲሜት ከት»ን ማየት ዋጋ አለው። እዚያ ሁለቱ ተመልሰዋል። ሽማግሌው ያወራል፣ ልጁ ያነባል። መጨረሻ ላይ ሲተቃቀፉ አሁን ማን እንደሆኑ ታውቃላችሁ። ፊልሙ በዚህ ብቻ ሌላ ክብደት ያገኛል። ከእነሱ ጋር አብሮ የሚመጣው ልጁ የሚያነበው የወንበዴ ታሪክ ነው፤ በአኒሜሽን ተሠርቶ፣ በጄራርድ በትለር ድምፅ። እሱ ግን አልሠራልኝም። ምክንያቱን ብዙ አሰብኩበት። መጽሐፉ ውስጥ የወንበዴው ቃላት በመንገዱ ሥዕል ላይ ይጻፋሉ። ዓይንህ መንገዱን ያያል፣ ጆሮህ ባሕሩን ይሰማል፤ ሁለቱም በአንድ ጊዜ። ፊልሙ ግን መንገዱን አቋርጦ ወደ ካርቱን ይሄዳል፣ ከዚያ ይመለሳል። በሄደ ቁጥር የነበረው ውጥረት ይበርዳል። የታክሲ ሾፌሯና የሐኪሙ ቤት ታሪክ ደግሞ በዚህም አልተመለሰም።

ከሦስቱ ቅጂዎች ሳይቆራረጥ የሚፈሰው የዳይሬክተሩ ነው። ከሲኒማ ቤቱ ላይ የጨመረው ትልቁ ነገር የሆሊስ ሜሰን ሞት ነው። የመጀመሪያው ናይት አውል ነው፣ አሁን ሽማግሌ። ወሮበሎች ቤቱ ገብተው ሲደበድቡት በአሳቡ ወጣት ሆኖ የድሮ ጠላቶቹን ይመታል። በጣም የሚያምር፣ በጣም የሚያሳዝን ትዕይንት ነው። ይህን የቆረጠው ሰው እንዴት እጁ እንደታዘዘለት አላውቅም።

ስለ አለን ሙር ሳልጠቅስ ባልፍ ደስ አይለኝም። ስሙ ፊልሙ ላይ የለም። እንዳይኖር የጠየቀው ራሱ ነው፤ የገንዘብ ድርሻውንም ለጊበንስ አሳልፎ ሰጥቷል። ውሉ መጽሐፉ ከኅትመት ሲወጣ መብቱ ወደ ሁለቱ እንዲመለስ ይል ነበር። መጽሐፉ ግን አንድም ቀን ከኅትመት አልወጣም። ሥራቸው በጣም በመወደዱ መብታቸውን አጡ ማለት ነው። ጊበንስ ከፊልሙ ጋር ተባበረ፣ ሙር ራቀ። ሁለቱንም አከብራለሁ። ግን ፊልሙን ያየ ሰው ሁሉ ይህን ቢያውቅ ደስ ይለኛል።

በ2019 የአሜሪካው ቴሌቪዥን ኤችቢኦ ያወጣውን ባለ ዘጠኝ ክፍል ተከታታይም አንስቼ ልለፍ። ዴመን ሊንደሎፍ ነው የሠራው። የመጽሐፉን ታሪክ አልቀዳም፣ ከዚያ የቀጠለ የራሱን ታሪክ ነው የተናገረው። ስኩዊዱንም እንደሆነ ነገር ተቀብሎታል። የሚጀምረው ግን በ1921 ቱልሳ ውስጥ በጥቁሮች ላይ በተፈጸመው ጭፍጨፋ ነው፤ በእውነተኛ መንገድ ላይ፣ በእውነተኛ ሰዎች። አንድም ሣጥን ሳይገለብጥ ከስናይደር ፊልም ይልቅ ለመጽሐፉ የቀረበው እሱ ነው እላለሁ። ጥጉን ያልረሳ ሰው ነው የጻፈው።

አንድ ቀን ከእኛው ኮሚኮች አንዱ፣ ለምሳሌ በ2018 የወጣውና በአማርኛም የሚነበበው «ጀምበር»፣ ፊልም ቢሆን እኔ የምለምነው ታውቆኛል። ልብሱን እንደፈለጉ ያድርጉት። ሊስትሮውን፣ ታክሲ ረዳቱን፣ ሱቅ በደረቴውን ግን እንዳይቆርጡብኝ።

ለመግዛት ለምታስቡ። መጽሐፉን ላነበበ፣ «አልቲሜት ከት»። ለመጀመሪያ ጊዜ ለሚያይ፣ የዳይሬክተሩ ቅጂ። የሲኒማ ቤቱን ቅጂ ለማንም አልመክርም። ልጆች ባሉበት ፈጽሞ አይከፈትም፤ ደሙም እርቃኑም ብዙ ነው፣ የመደፈር ሙከራም አለበት። ከአምስት ኮከብ ለሲኒማ ቤቱ ሁለት ተኩል፣ ለዳይሬክተሩ ሦስት ተኩል፣ ለረጅሙ ሦስት እሰጣለሁ። የመግቢያዋን ስድስት ደቂቃ ለብቻዋ ብትጠይቁኝ አምስት።

ረጅሙን በአንድ ማታ ለመጨረስ አትሞክሩ። ሮርሻክ በፖሊስ ተከቦ እስከሚያዝበት ድረስ እዩና አቁሙ። በማግስቱ ከእስር ቤቱ ጀምሩ። የወንበዴው ካርቱን ሲመጣ ደግሞ እንዳትዘልሉት፤ ከእሱ በኋላ ወዲያው የሚመጣው ጋዜጣ ሻጩ ነው።